ደብሪቱና አንዲቷ መስመር

ከዕለታት በአንዱ ረቡዕ፣ ያውም ቢሮዎች ተከፍተው ሠራተኛው ገና ወንበሩን በሚያሞቅበት ሰዓት፣ ደብሪቱ የምትባል ሴት አንዲት መስመር ፈለገች። መሬት አልፈለገችም፣ ቤት አልፈለገችም፣ የማንንም ሥልጣን አልፈለገችም። ሲቪዋ ላይ የምትሰፍር አንዲት መስመር ብቻ። መስመሯም ስምንት ዓመት የሳሙና መቁረጫ ማሽን ላይ ሠርቻለሁ የምትል ነበረች። ደግሞም ሠርታለች። መሥራቷን ከጥበቃው ጀምሮ እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ፋብሪካው በሙሉ ያውቃል። እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት እውነት ወረቀት ላይ እስክትወርድ ስንት ደጅ እንደሚጠና ስሙኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብሪቱ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ከከተማው ዳር ባለው ሳሙና ፋብሪካ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረች። በዓመቷ የሁለት ቁጥር መቁረጫ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ታሞ ቀረና የፈረቃው አለቃ ለአንድ ሳምንት ያህል ያዢልኝ አሏት። ሳምንቱ ስምንት ዓመት ሆነ። መጥረጊያውን ሌላ ሰው ያዘ፣ ማሽኑን እሷ ያዘች፤ ፋይሏ ላይ ግን «ጽዳት» የሚለውን ቃል የሚያነሳ ሰው ጠፋ። ዘንድሮ ፋብሪካው አዲስ መዋቅር አወጣሁ አለና ሠራተኛው ሁሉ ሲቪ አስገብቶ ለገዛ ወንበሩ ይወዳደር ተባለ። የደብሪቱ ፋይል ሲከፈት «ጽዳት» ይላል። ለማሽኑ መወዳደር አትችይም ተባለችና ከስምንት ዓመት በኋላ መጥረጊያ ተሰጣት። በእሷ ቦታ የቆመው ሰውዬ ማሽኑ በየት በኩል እንደሚነሳ የጠየቀው እሷኑ ነው። መጥረጊያዋን ተደግፋ አሳየችው። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች።

መንገዱን ተሻግሮ ግን አንድ የብስኩት ፋብሪካ ሊከፈት ነው። በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል፤ የመቁረጫ ማሽን ኦፕሬተር እፈልጋለሁ፣ ሦስት ዓመት የሠራ ይበቃኛል፣ ሲቪ የምቀበለው እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነው ይላል። ደብሪቱ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ ማሽን የሚባል ነገር ዳግመኛ እንደማትነካ ገባት። ከረቡዕ እስከ ዓርብ አስፈቅዳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ሲቪ በዚያ ከተማ የአቶ ልሳኑ ሥራ ነው። አቶ ልሳኑ ከማዘጋጃ ቤቱ አጥር ሥር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር አላቸው። ደብሪቱ ገና ስሟን ነግራቸው ሳትጨርስ ፕሪንተሩ አንድ ገጽ ተፋ። ታታሪ ናት ይላል። ታማኝ ናት ይላል። የሥራ ጫና ትቋቋማለች፣ ከሰው ጋር ተግባብታ ትሠራለች ይላል። ከታች ደግሞ መዝናኛዋ መጽሐፍ ማንበብና ዋና ነው ይላል። የከተማው ወንዝ በክረምት እንኳ ቁርጭምጭሚት አያረጥብም። ማሽኑስ የት አለ ብላ ጠየቀች፤ ስምንት ዓመቴስ?

«እህቴ፣ እኔ ያለ ደብዳቤ የሥራ ልምድ አልጽፍም» አሏት አቶ ልሳኑ። «ደብዳቤ ካመጣሽ መስመርሽን እጽፋለሁ። ከእኔ እጅ የወጣ ሲቪ ተመልሶ አያውቅም።»

ጸሐፊው ያለ ደብዳቤ መስመር አይጽፍም፤ የደብሪቱም መስመር አልተጻፈችም። አንቱታው የት ሄደ እንዳትሉኝ። የተናደደ ሰው በሆዱ ሲቆጥር አንቱ አይልም፤ እኔም እየቆጠርኩ ያለሁት በእሷ ሆድ ነው።

ደብሪቱ ወደ ፋብሪካው ተመልሳ የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ገብረየስ ዘንድ ገባች። አቶ ገብረየስ ንጹሕ ሰው ናቸው፤ ጠረጴዛቸው ላይ እስክሪብቶ እንኳ ተጋድሞ አይታይም። ደብዳቤ ይስጡኝ አለቻቸው፤ ጸሐፊው ያለ ደብዳቤ መስመር አይጽፍም፣ መስመሬም አልተጻፈችም። ፋይሏን አስመጡ፣ ከፈቱ፣ ጣታቸውን አንዲት ቃል ላይ አሳረፉና ወደ እሷ አዞሩት። «ጽዳት» ይላል። እሳቸው የሚጽፉት ፋይሉ የሚለውን ነው፤ ሌላ ነገር ሠርታ ከሆነ የፈረቃ አለቃው በጽሑፍ ቃሉን ይስጥ፣ ያኔ ደብዳቤው ይወጣል። ደብሪቱ ማሽኑ ላይ ቆሜ እርስዎ ራስዎ በመስኮት አይተውኝ አያውቁም ወይ አለቻቸው። አየኋት ብለው ደብዳቤ መጻፍ እንደማይችሉ ነገሯት። ይህን ሲሉ ፈገግ ማለታቸው ነው እሷን ያቃጠላት።

ኃላፊው ያለ አለቃው ቃል ደብዳቤ አይሰጥም፤ ጸሐፊው ያለ ደብዳቤ መስመር አይጽፍም፤ የደብሪቱም መስመር አልተጻፈችም።

የፈረቃው አለቃ ጋሼ ይመር ማለት «ለአንድ ሳምንት ያዢልኝ» ያሉት እኚያው ናቸው። ማሽን ክፍሉ ውስጥ ጫጫታው ጆሮ ስለማያሰማ ወደ ደጅ ይዛቸው ወጣች። ጋሼ ይመር፣ ቃልዎን ይስጡኝ አለች፤ ኃላፊው ያለ እርስዎ ቃል ደብዳቤ አይሰጥም፣ ጸሐፊው ያለ ደብዳቤ መስመር አይጽፍም፣ መስመሬም አልተጻፈችም። ጋሼ ይመር ቆባቸውን አወለቁ፣ ደግመው አደረጉት፣ ዓይኗን ግን አላዩም። እሷን የመሰለ ኦፕሬተር አላየሁም አሉ። ግን እሳቸውም ለገዛ ወንበራቸው ሲቪ አስገብተው ውጤት እየጠበቁ ነው። በጽዳት የተቀጠረች ሴት ስምንት ዓመት ማሽኔ ላይ ነበረች ብለው ከራሳቸው ቢጽፉ፣ ማን ፈቀደልህ የሚል ይመጣል። የፈረቃው መዝገብ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። በየቀኑ ማን እንደሠራ፣ ስንት ፍሬ ሳሙና እንደተቆረጠ፣ ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደቆመ በስም ተጽፎበታል። መዝገቡ ይምጣ፣ ቃሌ ያኔውኑ ይጻፋል አሏት።

ደብሪቱ ጋሼ ይመርን ትወዳቸው ነበር። ስለዚህ የእሳቸው ከሁሉም ባሰባት። ስምንት ዓመት ሙሉ ሳሙናውን የሚቆርጠው ሽቦ በተበጠሰ ቁጥር ስሟን ሲጣሩ የነበሩ ሰው፣ ዛሬ ስሟን ለመጻፍ መዝገብ ጠየቁ። አለቃው ያለ መዝገብ ቃል አይሰጥም፤ ኃላፊው ያለ አለቃው ቃል ደብዳቤ አይሰጥም፤ ጸሐፊው ያለ ደብዳቤ መስመር አይጽፍም፤ የደብሪቱም መስመር አልተጻፈችም። ረቡዕም በዚህ አለቀ።

ሐሙስ ጠዋት መዝገብ ቤት ሄደች። መዝገብ ቤቱን የያዘችው ሂክማ የምትባል ደግ ልጅ ናት፤ ወንበር ስባ ያስቀመጠቻት እሷ ብቻ ናት። ሂክማ፣ መዝገቡን አውጪልኝ አለቻት፤ አለቃው ያለ መዝገብ ቃል አይሰጥም፣ ኃላፊው ያለ አለቃው ቃል ደብዳቤ አይሰጥም፣ ጸሐፊው ያለ ደብዳቤ መስመር አይጽፍም፣ መስመሬም አልተጻፈችም። ሂክማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። በአዲሱ መዋቅር ቦታ ይለቀቅ ተብሎ የቆዩት መዝገቦች በሙሉ ጓሮ ወዳለው ኮንቴይነር ተወስደዋል። የኮንቴይነሩ ቁልፍ ደግሞ እሷ ዘንድ የለም፤ ንብረት ክፍል ነው። ቁልፉ ከመጣ ግን ስምንቱንም ዓመት በግማሽ ሰዓት አወጣልሻለሁ ብላ ማለች። የልጅቷ ደግነት ደብሪቱን ይበልጥ አናደዳት፤ የምትጮህበት ሰው አጣች።

መዝገብ ቤቷ ያለ ቁልፍ መዝገብ አታወጣም፤ አለቃው ያለ መዝገብ ቃል አይሰጥም፤ ኃላፊው ያለ አለቃው ቃል ደብዳቤ አይሰጥም፤ ጸሐፊው ያለ ደብዳቤ መስመር አይጽፍም፤ የደብሪቱም መስመር አልተጻፈችም።

የንብረት ክፍሉ መስኮት ተዘግቷል። «ቆጠራ ላይ ነን» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሎበታል። ደብሪቱ በስንጥቁ አጮልቃ ብታይ ማንም ምንም እየቆጠረ አይደለም። ንብረት ክፍሉን አሥራ ስድስት ዓመት የያዙት እትዬ አጸደ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው አንዲት ወረቀት ያያሉ። አንኳኳች፣ አልሰሙም። ደግማ አንኳኳች፣ ከፈቱላት። እትዬ አጸደ፣ ቁልፉን ይስጡኝ አለች ሳትቀመጥ፤ መዝገብ ቤቷ ያለ ቁልፍ መዝገብ አታወጣም፣ አለቃው ያለ መዝገብ ቃል አይሰጥም፣ ኃላፊው ያለ አለቃው ቃል ደብዳቤ አይሰጥም፣ ጸሐፊው ያለ ደብዳቤ መስመር አይጽፍም፣ መስመሬም አልተጻፈችም።

እትዬ አጸደ ወረቀቱን ገፋ አደረጉላት። ሲቪ ነው። ታታሪ ናቸው ይላል፣ ታማኝ ናቸው ይላል፣ የሥራ ጫና ይቋቋማሉ ይላል፣ መዝናኛቸው መጽሐፍ ማንበብና ዋና ነው ይላል። ከራስጌው በቀይ እስክሪብቶ የመዋቅር ኮሚቴው ጽፎበታል፦ «ከሌሎች አርባ ሠራተኞች ሲቪ ጋር ከስሙ በቀር አንድ ነው። እስከ ዓርብ ጠዋት ተስተካክሎ ካልቀረበ ከውድድር ውጪ።» አርባ ሰው። ጥበቃው፣ ሾፌሩ፣ ገንዘብ ያዡ፣ ሁሉም ዋናተኛ። አንዱማ ስሙን ማስቀየር ረስቶ በጎረቤቱ ስም አስገብቷል ይባላል። ለዚህ ሁሉ ሰው የጻፉለት ከእጃቸው የወጣ ሲቪ ተመልሶ የማያውቀው አቶ ልሳኑ ናቸው።

ነገ ወንበሩ የማን እንደሚሆን ሳላውቅ ኮንቴይነር አልከፍትም አሉ እትዬ አጸደ። ዛሬ ከፍተው ነገ ቢነሱ፣ የጎደለ ነገር ሁሉ በስማቸው ይጻፋል። ሲቪው ይስተካከል፣ ወንበሩ ይታወቅ፣ ቁልፉ ያኔ ይወጣል። ሲቪውን ደግሞ እንዴት እንደሚያስተካክሉት አያውቁም። ደብሪቱ ግን ለማዘን ጊዜ አልነበራትም፤ ወደ ጸሐፊው ሮጠች።

አቶ ልሳኑ አለቻቸው ገና ከበሩ፣ ለእትዬ አጸደ ሌላ ሲቪ ይጻፉላቸው፤ ባለቁልፏ ያለ ሲቪ ቁልፍ አትሰጥም፣ መዝገብ ቤቷ ያለ ቁልፍ መዝገብ አታወጣም፣ አለቃው ያለ መዝገብ ቃል አይሰጥም፣ ኃላፊው ያለ አለቃው ቃል ደብዳቤ አይሰጥም፣ እርስዎም ያለ ደብዳቤ መስመር አይጽፉም፣ መስመሬም አልተጻፈችም። አቶ ልሳኑ ተገረሙ። ሌላ ሲቪ ማለት ምን ማለት ነው? ኮምፒውተራቸው ውስጥ ያለው አንድ ነው፤ ስም ይቀየራል፣ ይታተማል። ከዓመታት በፊት ከአንድ የተማረ ሰው የተገኘ ነው፣ ሰውን ሁሉ ይስማማል። ችግሩ ያለው ኮሚቴው ዘንድ ነው አሉ፤ ደግሞም ጥሩ ሰው ሁሉ ታታሪ አይደለም ወይ ብለው ጠየቋት።

ደብሪቱ እዚያው በቆመችበት በሆዷ ቆጠረች። ጸሐፊው ከአንድ ሲቪ ሌላ አያውቅም፤ ባለቁልፏ ያለ ሲቪ ቁልፍ አትሰጥም፤ መዝገብ ቤቷ ያለ ቁልፍ መዝገብ አታወጣም፤ አለቃው ያለ መዝገብ ቃል አይሰጥም፤ ኃላፊው ያለ አለቃው ቃል ደብዳቤ አይሰጥም፤ ጸሐፊው ያለ ደብዳቤ መስመር አይጽፍም። ከጸሐፊው ተነስታ ጸሐፊው ላይ ደረሰች። ሁለት ቀን ሙሉ ስትዞር የዋለችው አንድ ቦታ ነው። የሚቀጥለው ደጅ የለም፤ ቢኖር ኖሮ ሄዳ ታንኳኳው ነበር። ያኔ ነው ንዴቷ ከሆዷ ወደ እጇ የወረደው። ከፕሪንተሩ ላይ አንድ ባዶ ወረቀት መዘዘች፣ ከጠረጴዛው እስክሪብቶ አነሳች፣ አቶ ልሳኑ ምነው ምነው ሲሉ ጥላቸው ወጣች።

እትዬ አጸደ ካሉበት አልተነቃነቁም። ደብሪቱ ወንበር ስባ ከፊታቸው ቁጭ አለች፤ ወረቀቱን ዘረጋች፤ ንብረት ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሠሩ ይንገሩኝ አለቻቸው።

«ምን ሠራሁ ብዬ ልንገርሽ ልጄ? ቁልፍ ነው የያዝኩት።»

«ስንት ቁልፍ?»

«ሠላሳ አራት።»

«በአሥራ ስድስት ዓመት ስንቱ ጠፋብዎት?»

እትዬ አጸደ ቀና አሉ። ተቆጡ። «ደግሞ አንቺ ምን በደልኩሽ? የእኔ ቁልፍ ጠፍቶ ያውቃል ማነው ያለሽ?»

ደብሪቱ ጻፈች። ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ። መደርደሪያው ላይ ስንት ዓይነት መለዋወጫ አለ? ሦስት መቶ አሥር። በዓመቱ ቆጠራ ምን ጎደለ? አንዴ አንድ ብሎን ጎድሎ ነበር፣ እሱም ኦዲተሩ ኪስ ውስጥ ተገኘ። መብራት ሲጠፋ የማሽን ቀበቶ የሚፈልግ ሰው ቢመጣ? በዳሰሳ አውጥተው ይሰጣሉ፤ የትኛው የት እንዳለ እጃቸው ያውቀዋል። ያ ጣሪያው ያፈሰሰ ክረምትስ ምን ሆነ? ደብሪቱ ያን ቀን ታስታውሳለች። እትዬ አጸደ ሁለት ወዛደር ይዘው መቶ ሃያ ከረጢት የሳሙና መሥሪያ ኮስቲክ ሶዳ ውሃው ሳይደርስበት አውጥተዋል። እሱማ የማንም ሥራ ነው አሉ። የማን ነው ብላ ጠየቀቻቸው፤ ሌላ ማን አወጣው? ይህንንም ጻፈች። ታታሪ የሚል ቃል አንድም ቦታ አላስገባችም። እንዲያው ሴትዮዋ የሠሩትን፣ ስንት እንደሆነና ስንት ዓመት እንደሆነ፣ በተራ በተራ አሰፈረችው። አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም።

እትዬ አጸደ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ሁለተኛ አነበቡት። ፊታቸው ቀላ። «ይህን ሁሉ ሠርቼ ነው» አሉ፣ «ዋና እወዳለሁ ብዬ ያስገባሁት?» በሰውም በራሳቸውም ተናደዱ፤ ያንን በቀይ የተጻፈበትን ወረቀት አራት ቦታ ቀደዱት። ከዚያ ደብሪቱ የጻፈችውን በገዛ እጃቸው፣ በዚያ ንብረት በሚመዘግቡበት ድርድር ባለ ጽሕፈታቸው ገለበጡት።

ዓርብ ጠዋት ለኮሚቴው አስገቡ። ኮሚቴው አርባ ዋናተኛ ካነበበ በኋላ ይህን ሲያነብ ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ ይባላል። አምስት ሰዓት ላይ ወንበሩ የእርስዎ ነው ተባሉ። እትዬ አጸደ እንኳን ደስ አለዎት ሊላቸው የመጣውን ሰው ሁሉ በእጃቸው እየገፉ፣ ቁልፉን ይዘው ወደ ጓሮ ሄዱ። ኮንቴይነሩን ራሳቸው ከፈቱ።

ሲቪው ሲገባ ቁልፉ ወጣ። ቁልፉ ሲወጣ ሂክማ በግማሽ ሰዓት ያለችውን በሃያ ደቂቃ ጨርሳ ስምንት የፈረቃ መዝገብ አቧራውን እያራገፈች አወጣች። የምሳ ሰዓት ሆነ፣ ሁሉም ተዘጋ። ደብሪቱ መዝገቦቹን ታቅፋ ማሽን ክፍሉ ደጃፍ ቆማ ጠበቀች። ስምንት ሰዓት ላይ ጋሼ ይመር መጡ። አንዱን ከፈቱ፦ ማሽን ቁጥር ሁለት፣ ኦፕሬተር ደብሪቱ፣ አሥራ ሁለት ሺህ ፍሬ። ሌላ ገጽ፣ ደብሪቱ። ሌላ ዓመት፣ ደብሪቱ። ከዚያ በላይ አልገለጡም። ቆመው፣ መዝገቡን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቃላቸውን ጻፉ፣ ፈረሙ፤ ወረቀቱን ሲሰጧት ረቡዕ ዕለት ነበር መጻፍ የነበረብኝ አሏት። እሷም አዎ፣ ረቡዕ ነበር አለቻቸው።

ሲቪው ገባ፣ ቁልፉ ወጣ፣ መዝገቡ ወጣ፣ ቃሉ ተሰጠ። የቀረው ደብዳቤው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቶ ገብረየስ ቃሉን አነበቡ፣ መዝገቦቹን ዳር አስያዙ፣ ደብዳቤ አስጽፈው ሊፈርሙ እስክሪብቷቸውን አወጡ። ደብሪቱ ከመፈረምዎ በፊት ላንብበው አለች። «በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥራ፣ በተጨማሪም በማሽን ክፍል ስትረዳ የቆየች መሆኑን እንገልጻለን» ይላል።

ይኸው ነው። ሁለት ቀን ተኩል ተሮጦ፣ ሰንሰለቱ ሁሉ ተፈትቶ፣ በመጨረሻ አንዲት ቃል ተሸጉጣ ጠበቀቻት። «ስትረዳ።» ደብሪቱ አልጮኸችም። የመጀመሪያውን መዝገብ ወስዳ የወሩን የመጨረሻ ገጽ ገለጠችና ከግርጌው ያለውን ፊርማ አሳየቻቸው።

«ይህ የማን ፊርማ ነው?»

ለሰዓት ቁጥጥር በየወሩ መጨረሻ የሚፈርመው የሰው ኃይል ኃላፊው ነው። አቶ ገብረየስ የእኔ ነው አሉ። የሚቀጥለውን ወር ገለጠች። እሱም የሳቸው ነው። የሚቀጥለውንም። ሦስተኛው መዝገብ ላይ ስትደርስ ይበቃል አሏት፤ እሷ ግን አላቆመችም።

«ዘጠና ስድስት ጊዜ ከስሜ ሥር ፈርመዋል» አለች። «እኔ ስረዳው የኖርኩት ሰው ካለ ስሙን ከዚህ መዝገብ ውስጥ ያሳዩኝ አቶ ገብረየስ። ካሳዩኝ መጥረጊያዬን ይዤ እሄዳለሁ።»

አቶ ገብረየስ መዝገቡን አገላበጡ። የሚያሳዩት ስም አልነበረም። ደብዳቤውን ከሁለት ቀደው፣ ይህን ጊዜ በገዛ እጃቸው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጠው፣ ጋሼ ይመር እንደጻፉት አድርገው ጻፉ። ማኅተሙን ሲመቱ ጠረጴዛው ነጠረ። አሥር ሰዓት ሆኗል።

ሲቪው ገባ፣ ቁልፉ ወጣ፣ መዝገቡ ወጣ፣ ቃሉ ተሰጠ፣ ደብዳቤው ተጻፈ። ደብሪቱ ማዘጋጃ ቤት ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። አቶ ልሳኑ ደብዳቤውን አገላብጠው አዩ፣ ማኅተሙን አዩ፣ እንዳሉትም ቃላቸውን ጠበቁ፤ ኮምፒውተሩን ከፍተው ያንኑ ገጽ አወጡና መስመሯን የት ላስገባት ብለው ጠየቁ። ሌላውን ሁሉ ያጥፉት አለቻቸው። ይህ ሁሉ ጠፍቶማ ወረቀቱ ባዶ ይሆናል፣ ሰው ይንቅሻል አሉ። ያጥፉት አለች። አንድ በአንድ አጠፉ። ስሟን፣ ስልኳንና አድራሻዋን ጻፉ፤ ከዚያ እሷ እየተናገረች እሳቸው መስመሯን መቱ።

ስታነበው እንዲህ ይላል፦ «በሳሙና ፋብሪካ ስምንት ዓመት የሁለት ቁጥር መቁረጫ ማሽን ኦፕሬተር ሆኜ በቀን አሥራ ሁለት ሺህ ፍሬ እቆርጥ ነበር፤ ሽቦ ሲበጠስ ራሴ እቀይራለሁ።» በወረቀቱ መሐል ላይ፣ ብቻዋን። ደብሪቱ ደስ ሊላት ሲገባ ተናደደች፤ ይህቺን ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

የብስኩት ፋብሪካው መስኮት ጋ ስትደርስ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። መስኮቱ ላይ ካለችው ሴት አጠገብ ሲቪ ተከምሮ ነበር፤ የመጣውን ሁሉ ሳታየው ክምሩ ላይ ትጥላለች። የደብሪቱንም ልትጥል እጇን ዘረጋች፣ ወረቀቱ ባዶ መስሏት አየችው። ከዚያ አነበበችው። እዚያው እንደያዘችው ቀና አለች።

«ሽቦውን የምትቀይሪው ማሽኑን አቁመሽ ነው ወይስ እየሠራ?»

ረቡዕ ከቤቷ ከወጣች ጀምሮ፣ ከረቡዕም በፊት በዘጠኙ ዓመት ውስጥ፣ እሷ ሥራዋን እንዴት እንደምትሠራ ደብሪቱን የጠየቀቻት ይህቺ ሴት የመጀመሪያዋ ናት።

«አቁሜ ነው» አለች። «በአራት ደቂቃ እጨርሳለሁ።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን ክምሩ ላይ አልጣለችውም። ለብቻው አስቀመጠችና ሰኞ ሁለት ሰዓት ማሽኑ ላይ መጥተሽ ትታያለሽ አለቻት።

የእኔም ተረት ይኸው ነው፤ ተቀበሉኝ። ደብዳቤ የለውም፣ ማኅተምም አልተመታበትም፤ እንዲያው በቃሌ ውሰዱት።